የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለሊኑክስ ላፕቶፕ ሲገዙ ፍላሽዎን ይዘው ይሂዱ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ በዊንዶውስ ምትክ ስለሚጫነው ስርዓተ ክወና፣ ስለ ሊኑክስ፣ የሚላኩልን ጥያቄዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ «የትኛውን ሊኑክስ ልጫን?» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት ግን መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አለ፤ እሱም ማሽኑ ራሱ ነው። ሊኑክሱን በአንድ ከሰዓት መቀየር ይቻላል፤ ማዘርቦርድ ላይ የተበየደ ቺፕ ግን ከተገዛ ተገዛ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በዋናነት ለግዢ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አዲስ ለመግዛት አቅሜ ስለማይፈቅድ ከዱባይ የገባ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ አዲስ አበባ ልመጣ ነው። የጠየቅኳቸው ሻጮች ሁሉ «ኮር አይ5 ነው፣ ንጹሕ ነው» ይላሉ። ሊኑክስ ያለ ችግር እንዲሠራልኝ ምኑን ልይ?
— ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ «ኮር አይ5» ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ከኋላው ያለውን ቁጥር ይጠይቁ። አይ5-7200ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ቀጥሎ የመጣው አይ5-8250ዩ አራት ኮር አለው። የተለጠፈው ስቲከር ተመሳሳይ ነው፤ ኮድ ኮምፓይል ሲያደርጉ ወይም ቨርቹዋል ማሽን ሲከፍቱ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ሦስት ማሽኖችን እንመክራለን፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490 እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5። ሦስቱም ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ የ8ኛው ትውልድ ኢንቴል ይዘው ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸውም ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው። የመሥሪያ ቤት ማሽን መሆናቸው ቀላል ነገር አይደለም። በዓለም ዙሪያ በብዛት ስለተሸጡ በሊኑክስ ላይ ያለባቸው ችግር ቀድሞ ተገኝቷል፤ ተፈትቷልም። መለዋወጫቸውም እንደ ልብ ነው።

ከሦስቱ እኛ ቲ480ን እናስቀድማለን፤ ምክንያታችን ባትሪው ነው። ውስጡ 24 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለ። ከኋላው ደግሞ የሚነቀል ሁለተኛ ባትሪ አለው፤ እሱን ማሽኑን ሳያጠፉ መቀየር ይችላሉ። የሚነቀለው በ24፣ በ48 እና በ72 ዋት-ሰዓት ይገኛል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ተማሪ ይህ ከአንድ ትውልድ የፕሮሰሰር ብልጫ ይበልጣል። ስሙ ከሚቀራረበው ቲ480ኤስ ጋር ግን አይምታታብዎ። እሱ ቀጠን ያለ ነው፤ የሚነቀል ባትሪ የለውም፣ ከራሙም ከፊሉ የተበየደ ነው።

ስለ ቲ480 አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የጣት አሻራ ማንበቢያው ከሊኑክስ ጋር እንዳለ አይሠራም፤ አሻራ የግድ ከፈለጉ ሌላ ማሽን ይዩ። ሁለተኛው የከበደ ነው። በእነዚያ ዓመታት በወጡ ቲንክፓዶች የታንደርቦልት (ፈጣኑ የዩኤስቢ-ሲ ግንኙነት) ቺፕ ፈርምዌር፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ በተጫነው ሶፍትዌር፣ ላይ ስሕተት ነበር፤ ካልታደሰ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳው ቀስ በቀስ ሊበላሽ፣ ቻርጅ ማድረግም ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ቻርጀሩን በሁለቱም የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳዎች ተራ በተራ ይሰኩ። በሁለቱም መሙላት አለበት። አንዱ እምቢ ካለ ማሽኑን ይተዉት። ደህና ከሆነና ከገዙት ደግሞ መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ፈርምዌሩን ማደስ ይሁን።

ገንዘቡ ለ8ኛው ትውልድ ካልደረሰ ቲ470 ወይም ኤሊትቡክ 840 ጂ4 ይፈልጉ። ሁለቱም በ6ኛውና በ7ኛው ትውልድ የወጡ ናቸው፤ ዊንዶውስ 11 እነዚህን በይፋ አይቀበልም። ሊኑክስ ግን ይቀበላቸዋል። ይህን ይዘው ዋጋ ይከራከሩ። በቀረው ገንዘብ ራሙን 16 ጊጋባይት ያድርጉት። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ይሻላል፤ የኢንቴል ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፣ በሁለት መስመር ሲበደር ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ከሐዋሳ ሳይነሱ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሊኑክስ ሚንት ያዘጋጁ። ሚንት 22 ወደ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ 24.04 እጥፉን ያህል ስለሆነ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ከባድ ነው። ካወረዱ በኋላ ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን የሻ256 ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ዳታ ተቆራርጦ ግማሹ የተበላሸ ፋይል መሐል ላይ ስሕተት ይሰጥና ጥፋቱ የማሽኑ ይመስላል። ፍላሹ ላይ ለመጻፍ በዊንዶውስ ሩፈስ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል።

ሻጩ ማሽኑን ሲሰጥዎ ዊንዶውስ እንዲከፈት አይጠብቁ። አጥፍተው ያብሩትና ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ይግቡ፤ በሌኖቮ ኤፍ1፣ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀዎት እዚያው ያቁሙ። ማሽኑ የነበረበት ድርጅት ቆልፎታል ማለት ነው፤ «እናስፈታልሃለን» የሚል ተስፋ ይዘው አይክፈሉ። ካልጠየቀ ይውጡና ፍላሹን ሰክተው እንደገና ያስነሱ፤ በሌኖቮና በዴል ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ይጫኑ። ሚንቱ ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ይከፈታል፤ ዲስኩንም አይነካውም። ሻጩ ከሠጋ ይህንኑ ይንገሩት።

ሲከፈት መጀመሪያ የስልክዎን ሆትስፖት ከፍተው ዋይፋዩን ያገናኙ። ከዚያ ድምፅ ያጫውቱ፣ በማይክራፎኑ ይቅረጹ፣ ካሜራውን ይክፈቱ፣ የብርሃንና የድምፅ ቁልፎቹን ይጫኑ። ጽሑፍ መጻፊያ ከፍተው የኪቦርዱን ቁልፍ አንድ በአንድ ይምቱ። ክዳኑን ዘግተው ሁለት ደቂቃ ይቆዩና ይክፈቱት፤ ስክሪኑ መብራት፣ ዋይፋዩም መመለስ አለበት።

ከሁሉ በላይ ባትሪውን ይመርምሩ። ከሜኑው «ፓወር ስታቲስቲክስ» የሚለውን ይክፈቱ። ሁለት ቁጥሮች ያያሉ፦ ባትሪው ሲሠራ ይይዝ የነበረው እና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። ለምሳሌ በቲ480 ላይ የመጀመሪያው 24፣ ሁለተኛው 15 ዋት-ሰዓት ቢል፣ ከዐቅሙ 62 በመቶ ያህል ነው የቀረው። ሁለቱም ባትሪዎች እንዲህ ከሆኑ በጠቅላላ 30 ዋት-ሰዓት አለዎት። ማሽኑ ለጽሑፍ ሥራ 7 ዋት ያህል ቢበላ አራት ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። ሻጩ «ስድስት ሰዓት ይቆያል» ካለዎት ይህን ስክሪን ያሳዩትና የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀንስልዎ። ኤስኤስዲው ብዙ አያስጨንቅዎት፤ በአንድ ብሎን የሚቀየር ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር አዲስ፣ ከካርቶን የወጣ ላፕቶፕ ገዝቼ ደቢያን 12 የተባለውን ሊኑክስ ጫንኩበት። ሁሉም ይሠራል፤ ዋይፋይ ግን ጭራሽ የለም። ቺፑ ሪልቴክ አርቲኤል8852ቢኢ መሆኑን አይቻለሁ። ሻጩ «ሊኑክስ ስለጫንክበት ነው የተበላሸው» ብሎ አልመልስም አለኝ። እውነት ነው?
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ አልተበላሸም። ሊኑክስ መጫን የዋይፋይ ካርድ አያቃጥልም። የሆነው የዕድሜ አለመጣጣም ነው።

በሊኑክስ ውስጥ ድራይቨር (አንድን ዕቃ የሚያሠራው ሶፍትዌር) እንደ ዊንዶውስ ከሲዲ ወይም ከድረ ገጽ አይመጣም፤ አብዛኛው ከከርነሉ፣ ከሊኑክስ እምብርት፣ ጋር አብሮ ነው የሚኖረው። የእርስዎ ቺፕ ድራይቨር ወደ ከርነሉ የገባው በ6.2 ነው፤ እሱም የወጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ነው። ደቢያን 12 የወጣው ከዚያ አራት ወር ዘግይቶ፣ በሰኔ 2023 ነው፤ የያዘው ከርነል ግን 6.1 ነው። ደቢያን እንዳይናጋ ብሎ ከርነሉን ቀደም ብሎ ያሰክናል፤ እርስዎን ያጋጠመዎት በዚያች ክፍተት ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ስልክዎን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና ከስልኩ ሴቲንግ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ያብሩ። ላፕቶፑ በገመድ እንደተገናኘ ይቆጥረውና ኢንተርኔት ያገኛል፤ ተጨማሪ ድራይቨር አያስፈልገውም። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። ወይ የደቢያን 12ን ባክፖርትስ (አዳዲስ ፓኬጆች ለቆየው ደቢያን የሚቀርቡበትን ማከማቻ) አብርተው አዲሱን ከርነል ይጫኑ፣ ወይ ወደ ደቢያን 13 ይለፉ፤ እሱ 6.12ን ይዟል። ከስር ለመጀመር ዝግጁ ከሆኑ ሁለተኛውን እንመርጣለን። በመጀመሪያው ከሄዱ የሪልቴክ ፈርምዌር ፓኬጁንም ከባክፖርትስ አብረው ያውጡ። ከርነሉ ታድሶ ፈርምዌሩ አሮጌ ሆኖ ከቀረ ዋይፋዩ አሁንም ላይነሳ ይችላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው።

ለሌሎች አንባቢያን ጉዳዩን እናስፋው። አዲስ ላፕቶፕ ስትገዙ ከርነሉ ከማሽኑ በዕድሜ ያነሰ ይሁን። ዘንድሮ የወጣ ማሽን ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የሰከነ ሊኑክስ መጫን ችግር መጥራት ነው። ለአዲስ ማሽን በየስድስት ወሩ ገደማ የሚታደሰው ፌዶራ የተባለው ሊኑክስ ይሻላል፤ ለሦስት ዓመት ማሽን ሚንትም ደቢያንም ያለ ሐሳብ ይሆናሉ።

ቺፕን በተመለከተ ዋይፋዩ ኢንቴል ከሆነ በሰላም ይተኛሉ። ኤኤክስ200 ከከርነል 5.1፣ ኤኤክስ210 ከ5.10 ጀምሮ ይሠራሉ። ሚዲያቴክ ኤምቲ7921 ደህና ነው፤ ሚዲያቴክ ኤምቲ7902 ግን ለዓመታት ድራይቨር ያልነበረው ነው፤ ርካሽ አዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ይገኛልና ስሙን ያዙት። የቁጥሮቹ መቀራረብ እንዳያሳስታችሁ። ሱቅ ውስጥ ከፍላሹ በተከፈተው ሚንት ላይ «ሲስተም ሪፖርትስ» የሚለውን ክፈቱና «ኔትወርክ» የሚለው መስመር ላይ ተመልከቱ። ከቺፑ ስም ጎን የድራይቨር ስም ካለ ጥሩ ነው። «ኤን/ኤ» ካለ ከርነሉ ቺፑን አይቶታል፣ የሚያሠራበት ግን የለውም።

ካርዱ የሚነቀል ከሆነ በኢንቴል ኤኤክስ210 መቀየር ይቻላል፤ ጣት የምታህል፣ ኤም ዶት 2 ባለ 2230 መጠን ካርድ ናት። ስትገዙ ኤኤክስ201 ወይም ኤኤክስ211 እንዳይሰጧችሁ። እነዚህ ግማሽ ሥራቸውን ለኢንቴል ፕሮሰሰር የተዉ ካርዶች ስለሆኑ ኤኤምዲ ማሽን ላይ ጨርሶ አይነሱም። ስትቀይሩ ባትሪውን ከማዘርቦርዱ ንቀሉ። ሁለቱን የአንቴና ሽቦዎች በጥፍራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱ፤ ወደ ጎን ከተሳቡ ጫፏ ትሰበራለች።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ ልልክለት ነው። ማሽን ለርኒንግ እየተማረ ነው፤ ኡቡንቱ ይጠቀማል። እሱ የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ይሁን ይላል። ጓደኞቼ ደግሞ ኤንቪዲያና ሊኑክስ አይስማሙም ይሉኛል። የቱን ልስማ?
— እህት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ወንድምዎ ሞዴሎቹን በራሱ ማሽን ላይ የሚያሠለጥን ከሆነ እሱ ትክክል ነው፤ ለዚያ ሥራ በብዛት የሚያስፈልገው ኩዳ (ስሌቱን በግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚያሠራው ሶፍትዌር) ነው፣ ኩዳ ያለው ደግሞ ኤንቪዲያ ብቻ ነው። ሥልጠናውን በኢንተርኔት በኪራይ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን ጓደኞችዎ ትክክል ናቸው። ሳይገዙ ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት።

ኤንቪዲያ ከሊኑክስ ጋር አይስማማም የሚለው የቆየ ወሬ ነው፤ ዋጋ ማስከፈሉ ግን አልቀረም። ባትሪ ይበላል። በብዙ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው በቀጥታ ከኤንቪዲያው ጋር ስለተያያዘ ድራይቨሩ ካልተነሳ ፕሮጀክተር አይሠራም። ከርነል በታደሰ ቁጥርም ድራይቨሩ አብሮ መታደስ አለበት። ድራይቨሩን ከኡቡንቱ የራሱ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ከጫነ ይህ በራሱ ይካሄዳል። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ያወረደውን ፋይል በእጁ ከጫነ ግን አንድ ቀን ጠዋት አፕዴት አድርጎ ሲያስነሳ ጥቁር ስክሪን ይጠብቀዋል።

ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ማሽኑ ሲነሳ እንዳይገባ የሚከለክለው መከላከያ) ከበራ ሌላ ነገር ይመጣል። ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል ያስመርጠዋል። በሚቀጥለው ማስነሻ ላይ አንድ ሰማያዊ ስክሪን አንዴ ብቻ ብቅ ይላል፤ «ኢንሮል ኤምኦኬ» የሚለውን መርጦ ያንኑ የይለፍ ቃል ማስገባት አለበት። ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ ያልፈዋል። ካለፈው ድራይቨሩ ተጭኖም አይነሳም፤ ካርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ይህን ከላፕቶፑ ጋር ጽፈው ይላኩለት።

ካርዱ የግድ ከሆነ የራሱ ሚሞሪ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ በ4 ጊጋባይት ብዙ ሞዴል አይገባም። ኤምኤክስ150ን የመሳሰሉ አሮጌ ትንንሽ ካርዶች ያሉበትን አይግዙ፤ 580 የሚል ቁጥር ያለው የድራይቨር ተከታታይ የመጨረሻቸው ነው። የአርቲኤክስ 50 ቤተሰብ ደግሞ የሚቀበለው ክፍት የሆነውን የከርነል ሞጁል ብቻ ነው፤ ወንድምዎ ድራይቨር ሲመርጥ ስሙ ላይ «ኦፕን» የሚል ያለበትን ይውሰድ።

ኤንቪዲያ የማያስፈልገው ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ቲንክፓድ ቲ14 ጥሩ ምርጫ ነው። ቲ14ኤስ እና ኤክስ1 ካርቦን ያምራሉ፣ ራማቸው ግን የተበየደ ስለሆነ በ8 ከገዙ በ8 ይቀራል፤ እነሱን ከመረጡ ሲገዙ 16 ወይም 32 ያድርጉት። የኡቡንቱ አዘጋጅ የሆነው ካኖኒካል ከኡቡንቱ ጋር ፈትሾ ያረጋገጣቸውን ማሽኖች ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል። የሚገዙትን ሞዴል ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቁጥሩን ጨምሮ፣ እዚያ ይፈልጉ። ዴንቨር ያለው ሲስተም76 የተባለ ኩባንያ ላፕቶፖችን ከነሊኑክሱ ጭኖ ይሸጣል። ክፍሎቹ ሁሉ እየተፈቱ የሚቀየሩት ፍሬምወርክ እኛም የምንወደው ማሽን ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሰበርበት ግን መለዋወጫው የቲንክፓድን ያህል በቀላሉ አይገኝምና ለወንድምዎ አናስቀድመውም።

ሁለት ዓይነት ማሽኖችን ይለፉ። ስናፕድራጎን ኤክስ የተባለ ፕሮሰሰር ያላቸው ገና ለሊኑክስ አልበሰሉም። ሌላው ካሜራ ነው። ከ12ኛው ትውልድ ኢንቴል ወዲህ የወጡ አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ካሜራቸው እንደ ድሮው በዩኤስቢ በኩል አይገናኝም፤ በኢንቴል የምስል ማቀነባበሪያ በኩል ነው። በሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ ያስቸገረው ይህ ነው። ርቀት ላይ ላለ ወንድም ካሜራ ዋና ነገር ነውና በዝርዝሩ ላይ ያጣሩ። የቻርጀሩ ነገር አያሳስብዎ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ማታ ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ አስገባለሁ። ጠዋት ሳወጣው ይሞቃል፣ ባትሪውም አልቋል። በዊንዶውስ እንዲህ አላስተዋልኩም። ሊኑክስ ነው ወይስ ማሽኑ?
— ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሁለቱም ናቸው፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን ከማሽኑ ነው። ላፕቶፕ የሚተኛው በሁለት መንገድ ነው። በድሮው ሁሉም ነገር ይጠፋና ራሙ ብቻ በትንሽ ኃይል ይቆያል። በአዲሱ ፕሮሰሰሩ ጨርሶ አይጠፋም፤ እንደ ስልክ ያንቀላፋል። አንድ ክፍል ለምሳሌ የዋይፋይ ካርዱ ወይም ኤስኤስዲው እምቢ ካለ እንቅልፉ ጥልቅ አይሆንም። ቦርሳ ውስጥ የሞቀብዎ ለዚህ ነው።

የእርስዎ በየትኛው እንደሚተኛ ለማወቅ «ሲስ» ፎልደር ውስጥ «ፓወር»፣ እዚያ ውስጥ «ሜም_ስሊፕ» የሚለውን ፋይል ይክፈቱ። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። «ኤስ2አይድል» እና «ዲፕ» የሚሉ ሁለት ቃላት ካሉ የድሮውም አለ ማለት ነው፤ በቅንፍ የታሰረው አሁን የሚሠራበት ነው። ኤስ2አይድል አዲሱ፣ ዲፕ የድሮው አተኛኘት ነው፤ ቅንፉ ኤስ2አይድል ላይ ከሆነ ሊኑክስን በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በግረብ፣ ማስተካከያ ላይ «ሜም_ስሊፕ_ዲፎልት=ዲፕ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጨምሩ፣ ግረብን ያድሱ፣ ያስነሱ። አንዳንድ ቲንክፓዶች ይህን በባዮስ ውስጥ አስቀምጠውታል፤ «ኮንፊግ»፣ ከዚያ «ፓወር»፣ ከዚያ «ስሊፕ ስቴት» ላይ ሊኑክስ የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው።

ኤስ2አይድል ብቻ ካለ ማሽኑ አዲስ ነው። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ አብዛኞቹ ኢንቴሎች የድሮውን ትተውታል። ያኔ መፍትሔው ባዮሱንና ከርነሉን ማደስ ነው፤ ባዮሱን «ኤፍደብሊውዩፒዲ» በሚባለው መሣሪያ ከሊኑክስ ሳይወጡ ማደስ ይቻላል፣ ሌኖቮም ዴልም በብዙ ሞዴሎቻቸው ይደግፉታል። ይህም ካልረዳ ሃይበርኔት (ራሙ ላይ ያለውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ማሽኑን ማጥፋት) ነው የሚቀረው። ለዚያ ከራምዎ የሚበልጥ ስዋፕ (ዲስክ ላይ ለዚህ የሚመደብ ቦታ) ያስፈልጋል፤ ሴኪዩር ቡት ሲበራ ደግሞ ከርነሉ ሃይበርኔትን ይከለክላል። ሁሉም እስኪስተካከል ድረስ ወደ ቦርሳ ከማስገባትዎ በፊት ያጥፉት። ሙቀቱ ባትሪውን ይገድለዋል።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ለሒሳብ ፕሮግራሜ ለፒችትሪ ዊንዶውስ ያስፈልገኛል፤ ለቀረው ሊኑክስ መጠቀም እፈልጋለሁ። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱን ልጭን ብል የሊኑክስ ኢንስቶለሩ ዲስክ የለም ይለኛል።
— ከአዳማ

መልስ፦ ዲስኩ አለ፤ ባዮሱ ነው የሸፈነው። ብዙ ኢንቴል ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ «ቪኤምዲ» ወይም «ሬይድ» የተባለ የዲስክ አያያዝ ቅንብር በርቶባቸው ነው። ዝም ብለው ቢያጠፉት ግን ዊንዶውሱ አይነሳም፤ የደንበኞችዎ ሒሳብ ያለበትን ማሽን እንዲህ አያድርጉት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

መጀመሪያ የፒችትሪውን ባክአፕ ከላፕቶፑ ውጪ ያስቀምጡ። ቀጥለው የቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ምስጠራ) መልሶ ማግኛ ቁልፉን ወረቀት ላይ ይጻፉ። 48 አኃዝ ነው፤ እርስዎ ሳያበሩትም ዊንዶውስ 11 አብርቶት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቢትሎከሩን ለጊዜው ያቁሙ፣ «ፋስት ስታርትአፕ»ንም ያጥፉ። እሱ ከበራ ዊንዶውስ በደንብ አይዘጋም፤ ከሊኑክስ ሆነው የዊንዶውሱን ዲስክ ሲከፍቱ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቅድልዎትም። ለሊኑክስ ቢያንስ 60 ጊጋባይት በዊንዶውሱ የራሱ ዲስክ ማኔጅመንት ይቀንሱ። ከዚያ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ያድርጉ፣ ማሽኑን ሲያስነሱ በቀጥታ ባዮስ ይግቡ፣ ቪኤምዲውን ያጥፉ ወይም ሬይዱን ወደ መደበኛው የዲስክ አያያዝ፣ ወደ «ኤኤችሲአይ»፣ ይቀይሩ። ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ ሲነሳ አዲሱን ድራይቨር ራሱ ይይዛል። ሴፍ ሞዱን አንስተው አንዴ በደህና መከፈቱን ይዩ። ኢንስቶለሩን አሁን ቢያስነሱት ዲስኩን ያገኘዋል።

ከጫኑ በኋላ ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ቢዛነፍ አይደንግጡ። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት የአገር ውስጥ ሰዓት ነው ብሎ ያነባል፣ ሊኑክስ ደግሞ የግሪንዊች ነው ብሎ ያነባል፤ እኛ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። በተርሚናል «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ቢያዙት ይስማማሉ። ደረሰኝ ላይ የተሳሳተ ሰዓት እንዳይወጣ ይህን ሳይዘገዩ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ማክቡክ ላይ ሊኑክስ ይሠራል? ርካሽ አግኝቻለሁ።
— ከፍራንክፈርት

መልስ፦ የአፕል ኤም1 ወይም ኤም2 ቺፕ ያለው ከሆነ ለእነዚህ ማሽኖች የተዘጋጀው ፌዶራ አሳሂ ይሠራል፤ የጣት አሻራው ግን አይሠራም። ከ2018 እስከ 2020 የወጡት ባለ ቲ2 ቺፕ ኢንቴሎች በተለመደው ሊኑክስ ኪቦርዳቸውና መዳሰሻቸው እንኳ አይነሳም፤ የተለየ ከርነል ይፈልጋሉ። ማክቡክ ካለዎት ይሞክሩት፤ ለሊኑክስ ብለው ግን አይግዙት። እርስዎ ባሉበት ጀርመን ቱክሲዶ የተባለ ኩባንያ ላፕቶፖችን ከነሊኑክሱ ይሸጣል።

ጥያቄ፦ እዚህ የሚሸጡ ላፕቶፖች ኪቦርዳቸው ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ነው። በሊኑክስ በአንድ ማሽን በአማርኛም መጻፍ እችላለሁ?
— ከነታንያ

መልስ፦ ይችላሉ፤ ቁልፉ ላይ የታተመው ፊደል ምንም አይወስንም። በኡቡንቱ «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚባለውን ፓኬጅ ይጫኑ፤ ከአካውንትዎ ወጥተው ተመልሰው ይግቡ። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ኪቦርድ፣ «ኢንፑት ሶርስ» ላይ አማርኛ ይጨምሩ። በዝርዝሩ ከአንድ በላይ አማርኛ ሊያዩ ይችላሉ፤ «ሴራ» የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ። እሱ ስልክ ላይ እንደለመዱት ነው፤ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚሰማው ሲጽፉ ሳድሱን ከአናባቢው ጋር ያዋሕደዋል። ኮለንን ሁለት ጊዜ ሲጫኑ አራት ነጥብ ይወጣል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ሲጫኑ ሦስቱ ቋንቋዎች በተራ ይመጣሉ። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየዎት የአቢሲኒካ ፎንት ፓኬጅን ይጨምሩ።